የቤተሰብ ፊርማ

ኅዳር 4

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም አዛውንቶቹን ስታነሺ ስታስቀምጪ ይይዝሻል? ፈጣሪ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፣ ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት፤ እንዲያውም ትናንት የራሷን እራት ጨርሳ የእኔንም አጋመሰችልኝ።

የላክሽላት ጫማ ደርሷል። የእሷን ሳይሆን የእኔን እግር እያሰብሽ የገዛሽው መሰለኝ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ አጠለቅኩላትና አላወልቅም ብላ ከነጫማዋ ተኛች።

ትልቁ ወሬ፣ ልጅሽ ድንቡሼ ከሕፃናት ማቆያው የትንንሾቹ ክፍል ወጥታ ወደ ትልልቆቹ ተሻግራለች። ትልልቆቹ ክፍል ማለት እኔ የምሠራበት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠርቼ፣ ማቆያ ውስጥ አክስቴ እንዳትይኝ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ጥሪኝ ብዬ መከርኳት። ምክሬን እንዴት እንደተቀበለች ልንገርሽ፤ አሁን ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ በሙሉ አክስቴ ይለኛል። አባቷ ካለፈ፣ አንቺም ለእኔ አደራ ሰጥተሽ ከሄድሽ ወዲህ እንዲህ ስትደሰት አላየኋትም።

ፎቶው ላይ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ታያለሽ፣ እንዳትደነግጪ። የመጫወቻው መደርደሪያ ጠርዝ ነው፣ ሮጣ ሄዳ ተላተመችው። እኛ ማቆያ ልጅ ሲወድቅ ያየችው ሞግዚት ቅጽ ትሞላለች፤ የት እንደወደቀ፣ ምኑን እንደተመታ፣ ምን እንደተደረገለት። ማታ ልጁን ሊወስድ የመጣው ቤተሰብ ያነብና ይፈርማል፣ አንዱን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። የድንቡሼን እኔው ሞላሁ፣ እኔው አነበብኩ፣ እኔው ፈረምኩ። ኃላፊያችን አይታ፣ አንቺማ ከሳሽም ዳኛም ሆንሽ ብላ ሳቀችብኝ።

በይ ደህና ሁኚ። ልጅሽ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቅባት የከንፈሯ ነው።

ያንቺው ቀጮ


ኅዳር 29

ለእህቴ ለቀጮዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፣ የእጅሽን ሥራ ፈጣሪ ይባርክልሽ። ወገቤን ተይው፤ ወገብ ያለው ሰው ሁሉ ያመዋል። ልጄን ስላበላሽልኝ፣ ስላጠብሽልኝ፣ ስለታቀፍሽልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

በስልክ ላነሳው ያልፈለግኩት ነገር አለ። ስደውል ልጅቷ ጆሮሽ ላይ ተለጥፋ ነው የምትቀመጠው፤ አንቺም እሷ ፊት ሁሉም ደህና ነው ትይኛለሽ። ስለዚህ እዚህ ልጠይቅሽ። ፎቶዎቿን ራስጌዬ ላይ በተራ ለጥፌያቸዋለሁ። የነሐሴው ላይ ቅንድቧ አጠገብ ቅርፊት አለ። የመስከረሙ ላይ ክርኗ ተልጧል። አሁን ደግሞ ግንባሯ። ፎቶ የምትልኪልኝ አልፎ አልፎ ነው፣ እሷ ግን በሁሉም ላይ ቁስል አላት።

ልጅ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፣ አንቺንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ከአጥር ላይ ስትወድቂ ያነሳሁሽም እኔ ነኝ። ግን እዚህ በምሠራበት መጦሪያ ውስጥ አንድ አዛውንት ከአልጋው ጫፍ ሸርተት ካለ እንኳ ይጻፋል፣ ደግሞ ከወደቀ ደግሞ ይጻፋል፣ ከዚያ ቁጭ ተብሎ ለምን ይባላል። እስቲ አንቺም ንገሪኝ። ብዙ ትወድቃለች ወይ? ጫማው ከሆነ ጣይው። ትልቅም ትንሽም ነገር ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፣ ልቤ ተንጠልጥሎ እየዋለ ነው።

እናቷና እህትሽ


ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ረዳቴ ታማ ሰንብታ ነበር፣ ክፍሉን ብቻዬን ነው የያዝኩት።

ልጅሽ ደህና ናት። ጫማውን ጥዬዋለሁ፣ እሷም ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ስለ ማቆያው ግን እንዳትሰጊ። ኃላፊያችን እንደዋዛ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ወሩ ሲያልቅ የአደጋ ቅጾቹን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በየቦታው ትለያቸዋለች፤ የግቢውን ለብቻ፣ የመታጠቢያውን ለብቻ፣ የምግብ ክፍሉን ለብቻ። አንዱ ክምር ከፍ ካለባት የዚያ ቦታ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ሸርተቴው ሥር ልጆች ጉልበታቸው ሲላጥ ሸርተቴውን አስነቅላ አሸዋ ላይ አስተከለችው። መታጠቢያው ውስጥ ሲያንሸራትት ወለሉን የሚይዝ ምንጣፍ አለበሰችው። የድንቡሼ ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው፣ ተነቅሎ የሚተከል ነገር የለውም።

ሌላ ማቆያ ልክፈልላት ያልሽውን በስልክ ሰምቻለሁ። አልፈልግም። ሌላ ቦታ ብትገባ ከእኔ የተሻለ ማን ሊያያት ነው? ልጅቷን ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አላርቃትም። እዚያ ሆነሽ በፎቶ የምታይው አንቺ ነሽ፣ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።

በይ ሰላም ሁኚ።

ቀጮ


ጥር 14

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለልጄም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሸርተቴው ጻፍሽልኝ፣ ስለ ምንጣፉ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ረዳትሽ ሕመም ጻፍሽልኝ። ብዙ ትወድቃለች ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩሽ። እሱን አልጻፍሽልኝም። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሆነ ነገር ስታደርጊ ወሬ ታበዢያለሽ።

ባለፈው ስንደዋወል ልጅቷ ራሷ፣ እማዬ ትናንት በር መታኝ አለችኝ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ፣ ተይ እሱን፣ ዘፈንሽን ዝፈኚላት አልሻት። ዘፈነችልኝ። እኔ ዘፈኑን አልሰማሁትም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ከገባች ጀምሮ የተሞሉትን ቅጾች ሁሉ ላኪልኝ። የቤተሰብ ቅጂ አለው ብለሽኛል፣ ቤተሰቧ ደግሞ እኔ ነኝ። ካልላክሽልኝ የአባቷ እህት መጥታ እንድትወስዳት እጽፍላታለሁ። እንዲህ የምልሽ ልጎዳሽ ፈልጌ አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው።

እህትሽ


ጥር 30

ለእትዬ፣

የፈለግሽው ሁሉ ፖስታው ውስጥ አለ። ከገባችበት ጀምሮ አንድም አላስቀረሁም፤ ከቁም ሳጥኑ ጥግ ካስቀመጥኳቸው አውጥቼ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ሲሆኑ ምንም አይመስሉም ነበር። ተደራርበው ሳያቸው ደነገጥኩ። ከሌሎቹ ልጆች ሁሉ የእሷ ይበልጣል። ብዙ ትወድቃለች ወይ ላልሽኝ መልሱ አዎ ነው። ያልጻፍኩልሽ ፈርቼ ነው። እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ማልቀስ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ትወስጂብኛለሽ። ይኸው ፈራሁት እንጂ አልቀረልኝም፣ አንቺም አልሽው።

የአባቷ እህት ልጅቷን ሁለቴ አይታት አታውቅም። ማታ ማታ ጆሮዬን ይዛ እንደምትተኛ ታውቃለች? እባክሽ እትዬ፣ በዚህ አትጫወቺብኝ።

ቀጮ


የካቲት 18

ለእህቴ፣

ሰላምታው ይቆየኝ።

እኛ ጋ ሰው ሲወድቅ የሚሞላው ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ተሥሏል፣ ከፊትም ከኋላም። የተመታበት ቦታ ላይ የኤክስ ምልክት እናደርጋለን። እኔም ቁጭ ብዬ የልጄን ቅርጽ ሣልኩ። ሥዕል እንደማልችል ታውቂያለሽ፣ ድንች ነው የመሰለችው። ከዚያ የላክሽልኝን ቅጾች አንድ በአንድ እያነሳሁ ምልክት አደረግኩ። ቅንድብ፣ ግራ። ክርን፣ ግራ። ጉንጭ፣ ግራ። ትከሻ፣ ግራ። ዳሌ፣ ግራ። አንዳንዱ ጉልበት ብቻ ነው የሚለው፣ እሱን ተውኩት። ስጨርስ የድንቡሼ ግማሽ ጎን በምልክት ተሞልቷል። ሌላኛው ጎን ላይ ምንም የለም።

እህቴ፣ የሚወድቅ ልጅ ጎን አይመርጥም። ፊት ለፊቷ ቆሞ በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ግን የሚያገኘው ግራዋን ነው።

ረዳትሽ በየትኛው እጇ ነው የምትሠራው? ልጄን ብቻዋን የምትይዝበት ሰዓት አለ? ከትንንሾቹ ክፍል ከመጡት ጥቂቶች በቀር ቅጾቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ያንቺ ነው፣ የሁሉም ፊርማ ደግሞ ያንቺ ነው፣ ስለዚህ የማውቀው አንቺ የነገርሽኝን ብቻ ነው። አንቺም የምትሠሪው በቀኝ እጅሽ ነው። ይህን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። እናት ነኝ፣ መጠየቅ አለብኝ። የመታት ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ንገሪኝ።

እናቷ


መጋቢት 3

ለእትዬ፣

ሰላምታ ልጽፍልሽ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ በአፌ ያልኩትን ፈጣሪ ይቁጠርልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝ። በአንድ ሳህን የበላን፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኛን ነን። እንዲህ ብለሽ ልታስቢኝ ትችያለሽ ብዬ በሕልሜም አልመጣብኝም። መጀመሪያ ልቀድደው ነበር። ከዚያ ወሰድኩትና ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንብቢው፣ እኔንም ረዳቴንም ጠብቂን፣ እውነት ሆኖ ከተገኘ ለፖሊስ ስጪን አልኳት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ይቅርታ አድርጊልኝ ብላ ነገሩ እስኪጣራ ከክፍሉ አወጣችኝ። ረዳቴንም ሌላ ክፍል አዛወረቻት። እኔን ልብስ ማጠቢያ አስገባችኝ። ደግ አደረገች፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ግን በሳሙናው ውሃ ላይ ስነፋረቅ ዋልኩ።

ማጠቢያው መስኮት አለው፣ ግቢውን ያሳያል። ልጆቹ ከኋላቸው ሰው እንደሚያያቸው ሳያውቁ ሲጫወቱ አየኋቸው። ክፍል ውስጥ ሆኜ አንዱን ሳነሳ፣ የአንዱን አፍንጫ ስጠርግ፣ አንዷን ብቻ አተኩሬ አይቻት አላውቅም ነበር። ድንቡሼ ኳስ ተከትላ ሮጠች። በግራዋ በኩል የአሸዋ መጫኛው ጋሪ ቆሟል። ጥርት ባለ ፀሐይ፣ በር የሚያህል ጋሪ። ሄዳ ገባችበት። ማንም አጠገቧ አልነበረም። ደግሞም እጇን አልዘረጋችም። ሊላተም መሆኑን ያየ ሰው እጁ ይቀድመዋል፤ የእሷ እጅ ተንጠልጥሎ ነው የተመታችው።

ወጥቼ አነሳኋት። ደረጃው ላይ አስቀመጥኳትና ጨዋታ እንጫወት አልኳት። ግራ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩ፣ ይህቺ ጣት የትኛዋ ናት ስላት ይዛ ሳቀች። ቀኝ ዓይኗን ሸፈንኩ። ዝም አለች። ጣቴን አወዛወዝኩላት፣ ዝም። ከዚያ እጄን ጨበጠችና «አክስቴ፣ መሸ እንዴ?» አለችኝ።

እትዬ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

ኃላፊዬ እዚያው ቆማ ሰምታለች። መኪናዋን አስነስታ ሁለታችንንም ሆስፒታል ወሰደችን። የዓይን ሐኪሙ ብዙ መረመራት። ግራ ዓይኗ የማያየው ከተወለደች ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ቀኙ ዓይን የሁለቱን ሥራ ሲሠራ ስለኖረ እሷም ልዩነቱን አታውቀውም፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ነው የሚመስላት። አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። አሁንም ሳይቆይ ቀዶ ሕክምና ካገኘች የተወሰነ ብርሃን ሊመለስላት ይችላል። እዚህ ግን የሚሠራው ሰውም መሣሪያውም የለም፣ አንቺ ያለሽበት አገር አለ። ከዘገየ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም ነው ያለው።

ማንም አልመታትም። ግን ንጹሕ ነኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ቅጹ ሁለት ሰው እንዲያየው ነው የተሠራው፤ አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላ ሰው ቤት ወስዶ ያነበዋል፣ ልጁን ያገላብጠዋል፣ ለምን ሁልጊዜ በዚህ በኩል ይላል። የእሷን ግን አብዛኛውን የጻፍኩትም ሁሉንም የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። የራሴን ጽሑፍ ሳላነብ ነበር የምፈርመው፤ የማውቀውን ምን አነበዋለሁ ብዬ። አንቺ ከባሕር ማዶ ድንች ሥለሽ ያየሽውን እኔ በየማታው ልብሷን እያወለቅኩ አላየሁትም። ይሄ እስክሞት አይለቀኝም።

ቀጮ


መጋቢት 21

ለእህቴ፣ ለአንዲቷ፣

ያቺን ዓረፍተ ነገር አልሰርዛትም ብዬ ነበር። አሁን ልሰርዛት ብፈልግ ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው። ይቅር በይኝ። አንቺን ጠርጥሬ ሳይሆን ሁሉንም ጠርጥሬ ነው ልል ነበር፣ ግን ውሸት ነው። አንቺን ጠርጥሬሻለሁ። ያንን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ያስገባሁ ቀን ከእህትነት ወጥቻለሁ ብዬ ስንት አልቅሻለሁ። ደግሞ ባልጽፈው ኖሮ ብዬ አስባለሁ፣ ምን እንደምል አላውቅም።

ሆስፒታሉ ተቀብሏታል። አሠሪዬ ደብዳቤ ጽፋልኛለች፣ የልጅቷ የመግቢያ ወረቀት በሰኔ ተሠርቶ ያልቃል። እኔ መጥቼ ልወስዳት አልችልም፣ ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ቤተሰብ ልትጠይቅ ወደዚያ ትመጣለች፣ ስትመለስ ይዛት ትመጣለች። ደግ ሴት ናት፣ አትስጊ።

ለሕክምና ነው የማስመጣት። ግን ከእንግዲህ እኔው ጋ ትቀራለች፤ ክትትሉ ዓመታት ይወስዳል አሉኝ። ይህን ልጽፍልሽ ስንት ቀን ብዕር አነሳሁ መሰለሽ። ልትቀጣኝ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። አይደለም፣ በአባቷ አጥንት እምልልሻለሁ። አንቺ ባትኖሪ ልጄ የት ነበረች?

የምትፈልጊውን ጠይቂኝ።

እህትሽ


ሰኔ 9

ለእትዬ፣

ፈጣሪ ይህን ደብዳቤና የያዘችውን ልጅ በሰላም ያድርስልሽ። ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ከካልሲዎቿ ሥር።

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ቆይቷል የተቀበልኩሽ፣ ኩራቴ ነው መልስ ያስዘገየው። ማቆያው ውስጥ ወደ ክፍሌ መልሰውኛል። ረዳቴም ተመልሳለች፣ ሁለታችንም ተላቅሰን ታረቅን። ኃላፊዬ ቅጹ ላይ የልጅ ቅርጽ አሳትማለች፣ ያንቺ ድንች ሳይሆን ደህና ሰው የሚመስል። ወሩ ሲያልቅ ቅጾቹን በቦታ ብቻ ሳይሆን በልጅም ትለያቸዋለች። የገዛ ዘመዷን ቅጽ የሞላች ሞግዚትም መፈረም አትችልም፣ ሌላ ሰው አንብቦ ነው የሚፈርመው።

አሁን ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። በግራዋ በኩል ዝም ብለሽ አትምጪባት፣ ትደነግጣለች፤ መጀመሪያ ድምፅሽን አሰሚያት። መንገድ ስትሄዱ በግራዋ ሁኚ። ብርጭቆ ስትሰጫት ወደ ቀኟ አድርጊው። ዓይኗ ቢሸፈን ታለቅሳለች፣ የጨዋታ ነገር አድርጊላት። ራት ላይ ጠግቤያለሁ ካለችሽ አትመኛት። ስትተኛ ጆሮ ትፈልጋለች፤ የአንቺን ጆሮ ስለማታውቀው መጀመሪያ እምቢ ብትልሽ አትዘኚ፣ ትለምደዋለች። እኔንም በአንድ ሳምንት ነው የለመደችኝ።

ትናንት ወዴት ነው የምንሄደው አለችኝ። እናትሽ ጋ አልኳት። አንቺስ አለችኝ። እኔ ልብስ አጥቤ ልምጣ አልኳት። ዋሸኋት እትዬ፣ ስትደርስ እውነቱን አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አልቻልኩም።

የምትፈልጊውን ጠይቂኝ ብለሽኛል። ገንዘብም ልብስም አልፈልግም። ሐኪሞቹ ምንም ቢሉ እዚያም መውደቋ አይቀርም፤ አዲስ ቤት ነው፣ አዲስ በር ነው፣ አዲስ ደረጃ ነው። አንቺም እኔ እንዳዝን ብለሽ ደህና ናት ትይኛለሽ፣ ስልኩ ላይ ዘፈን ታዘፍኛታለሽ። አታድርጊው። ትንሽ ጭረትም ብትሆን ጻፊልኝ። የት እንደወደቀች ጻፊልኝ፣ በየት ጎኗ እንደሆነ፣ አልቅሳ እንደሆነ፣ ማን ሮጦ እንዳነሳትም ጻፊልኝ።

ቀጮ